ስለ እግር ጥፍር አያያዝ

ስለ ጤና አጠባበቅ በሚነገርበትና በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ዝንብ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ስለ እግር ጥፍር ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። የእጅ ጥፍር እንኳ ዕድል ገጥሞት በትምህርት ቤት የማለዳ ሰልፍ ላይ ይመረመራል፤ የእግር ጥፍር ግን በጫማ ተሸፍኖ ወይም አቧራ ለብሶ፣ ባለቤቱ እያፈረበት፣ ሐኪሙም ሳያየው ዓመታት ያልፉታል። በዚህ ወር እትማችን ስለዚሁ ስለ ተናቀ የአካል ክፍል ያለንን አሳብ በቆቦና በራያ ቆላ ለሚገኙ መምህራን፣ እንዲሁም ማንበብ ለሚችሉ የከተማው ነዋሪዎች ልንገልጽ እንወዳለን።

አሳባችንንም ከመነሻው በግልጥ እንናገራለን። እንደ በግ ቀንድ ወፍሮና ተጠማዞ የሚታይ የእግር ጥፍር በሕዝብ ዘንድ የስንፍናና የቆሻሻ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። እኛ በሥራችን ያየነው ከዚህ የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጎንበስ ብሎ የሚቆርጥለት ሰው ባጣ እግር ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለዚያ ሰው ስለ ንጽሕና ንግግር ማድረግ ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥሩ መቁረጫና የሌላ ሰው እጅ ነው።

የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር የምትገኝ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የደጋው ግርጌ ሜዳውን ይዘውታል። ከተራሮቹ በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ የራያ ገበሬ በቦይ እየመለሰ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል፤ ይህም ከአባት ከአያት የመጣ ጥበብ ነው። እግሩ እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት መሬት ይገጥመዋል፤ በበጋ እንደ ጡብ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር፣ በክረምት ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ። ድንጋይ ይመታዋል፤ በሬ ይረግጠዋል፤ ማሽላው ከታጨደ በኋላ በማሳው ላይ የቀረው የአገዳ ጉቶ ይወጋዋል። ማታ ደም ያረገዘ ጥፍር ይዞ ይገባል፤ ጥፍሩም ጠቁሮ ይወልቃል፤ ሰውዬውም ይረሳዋል። ጥፍሩ ግን አይረሳም።

ይህን ለመረዳት የጥፍርን አፈጣጠር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው፤ ጠጉርም፣ የበሬ ቀንድ ልባስም የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ስለዚህ አርጅቶና ወፍሮ ቀንድ መሰለ ብለን ስንናገር ከምሳሌ አልፈን እውነቱን ተናግረናል ማለት ነው። ጥፍር የሚያድገው ከጫፉ በኩል አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ተሸፍኖ ካለው ሥሩ እየተገፋ ይወጣል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያድግ፣ የእግር ጥፍር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ቢነቀል እንደገና ሙሉ ሆኖ እስኪወጣ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ሥሩ አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ ግን አዲሱ ጥፍር እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ ላይወጣ ይችላል። ከሥሩ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ያድግና ጥፍሩ ወደ ጎን ይዞራል፤ እየተደራረበ ይወፍራል፤ ቀለሙም ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይለወጣል። በሕክምና ቋንቋ ኦኒኮግሪፎሲስ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የጎበጠ ጥፍር ማለት ነው።

በጎልማሳነት ዘመን ሰው ይህን ጥፍር እንደ ምንም ብሎ እየቆረጠ ይዘልቃል። ችግሩ የሚጀምረው በእርጅና ነው። ወደ እግር ጣቶች የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ጥፍሩም እየዘገየና እየወፈረ ይሄዳል። በዚያው ጊዜ ወገብ መታጠፍ እምቢ ይላል፤ ዓይን ይደክማል፤ እጅም ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ጥፍሩ ጠንካራ መቁረጫና የበረታ እጅ በሚፈልግበት ሰዓት ባለቤቱ እግሩን መድረስ እንኳ አይችልም። ቀድሞ ይህን የሚሠራ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በቤት አይጠፋም ነበር። ዛሬ ከራያ መንደሮች ብዙዎቹ ወጣቶች አዲስ አበባ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግረዋል። እናትና አባታቸውን አልረሱም፤ የቻሉትን ይልካሉ፤ በላኩትም ቆርቆሮ ይለብሳል፣ በሬ ይገዛል። ዳሩ ግን ገንዘብ በባንክ ይላካል እንጂ የእናትን ጥፍር የሚቆርጥ እጅ በባንክ አይላክም።

ስለ ወገባቸው ሕመም ሊነግሩን የመጡ አንድ አዛውንት ሲራመዱ እግራቸውን ወደ ጎን እየጣሉ አየናቸውና «አባባ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁልን» አልናቸው። «ተወው ልጄ፤ የኔ እግር ለሰው አይታይም» አሉ። ብዙ ከለመንናቸው በኋላ አወለቁ። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ዞሮ በሁለተኛው ጣት ላይ ተኝቷል፤ ከሥሩም መግል የያዘ ቁስል አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ አልወጡም። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸው ግን ገበያው አልነበረም፤ የጎረቤት ለቅሶ መቅረታቸው ነበር። «ሰው ኮራ ብሎ ያማኛል» አሉን። የተዛነፈው አረማመዳቸው ወገባቸውን ሳይጎዳው አልቀረም፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ስለ ወገባቸው ብለው በሄዱባቸው ቦታዎች ሁሉ ጫማዎን ያውልቁ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ይህ ነው እንግዲህ በእግር ጥፍር ምክንያት የሚጠፋው ነገር። የተጣመመ ጥፍር ራሱ ሰው አይገድልም። ነገር ግን አጠገቡ ያለውን ጣት ይወጋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አካሄድን ያዛባና ሽማግሌን ይጥላል፤ የወደቀ ሽማግሌ ደግሞ የጭኑን አጥንት ከሰበረ ከአልጋ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖረው የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስም እንዲህ ባለው ትንሽ ቁስል ይገባል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ፣ በዚህች ትንሽ ቁስል የተጀመረው ነገር ጣትን፣ ከዚያም እግርን በመቁረጥ ሊያበቃ ይችላል።

ሕዝባችን ጥፍሩን የሚቆርጥበት መሣሪያ ከዚህ ችግር አንዱ ክፍል ነው። በአብዛኛው ቤት ያለው ምላጭ ነው። ምላጭ ለእጅ ጥፍር ያገለግል ይሆናል፤ ለወፈረ የእግር ጥፍር ግን አይሆንም፤ ጥፍሩ ላይ ይሸራተትና ሥጋውን ይቆርጣል። ያቃተው በካራ፣ ሲብስም በማጭድ ጫፍ ይሞክራል። እሾህ ለማውጣት የተሠራው ወረንጦም ሳይታጠብ ከጥፍር ሥር ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዱ ምላጭ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት መሆኑ ነው። ደም የነካው ምላጭ ኤች አይ ቪንና ጉበትን የሚያሳምመውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለ ኤች አይ ቪ በተማርንበት ዘመን ሁሉ ምላጭን ብቻችሁን ተጠቀሙ ተብሏል፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለጸጉርና ለግርዛት ተሰጥቶ የእግር ጥፍር ተረሳ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። እግሩ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና 15 ወይም 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ በተለይም በጣቶች መካከል እርጥበት እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባል። ጥፍሩ በለሰለሰ ጊዜ ጠንካራ በሆነና እንደ ጉጠት ባለ የጥፍር መቁረጫ ከአንዱ ዳር ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይነሣለታል። ቀጥ ብሎ ይቆረጥ እንጂ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ አይፈልፈል። ለብዙ ዓመት ያደገውን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ምክንያቱም ከወፈረው ጥፍር ሥር ሥጋው አብሮ ወደ ፊት ተስቦ ስለሚገኝ ድንገት ይደማል። የቀረው ሻካራ በሞረድ ይለዝባል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ ሳምንት ቆይቶም ሥራው ይደገማል። ይህን በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ከተገኘ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ቀንድ የመሰለ ጥፍር ጫማ የሚያስገባ ይሆናል። ሥሩ ካልዳነ ጠባዩ ስለማይለወጥ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መመለስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ያለፈውን ሐኪም ያደርገዋል። 40 በመቶ ዩሪያ ያለበት ቅባት ጥፍሩ ላይ ተቀብቶ ተሸፍኖ ሲቆይ የደነደነውን ያለሰልሰዋል። የሚያሠቃይ ከሆነም ጣቱ በመርፌ ደንዝዞ ጥፍሩ ይወጣል፤ እንደገና እንዳይበቅል ሥሩን ፌኖል በተባለ መድኃኒት ማቃጠልም ይቻላል። ይህ ለሠለጠነ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ሆኖም በቤት ውስጥ፣ ጣትን ሳያደነዝዙ፣ ጥፍርን በጉጠት መንቀል ጭካኔ ነው፤ የተበላሸውን ሥርም ይብሱን ያበላሸዋል።

የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች ግን ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ በቤት እንዲደረግ አንመክርም። የእግራቸው ስሜት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ውሃው ቢያቃጥላቸውም፣ መቁረጫው ቢወጋቸውም ላያውቁት ይችላሉ። እግራቸውን በየማታው ይዩ፤ የማይታያቸው ከሆነ ሌላ ሰው ይይላቸው፤ ውሃውን በእግራቸው ሳይሆን በክርን ይሞክሩ፤ ረጅም ጊዜም አይዘፍዝፉ፤ ጥፍራቸውን ጤና ጣቢያ ያስቆርጡ። የሥጋ ደዌ ስሜቱን የወሰደበት እግርም እንዲሁ ነው። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተቋቋመው አለርት ስሜት ያጣ እግር እንዴት እንደሚጠበቅ ለብዙ የአፍሪቃ አገሮች ባለሙያዎች ሲያስተምር ኖሯል። ከዚያ ትምህርት ለሁላችን የሚሆነው ቁም ነገር አጭር ነው፤ ሕመም የማይሰማው እግር በዓይን ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ጥቁር መስመር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በእኛ ቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች በብዙ ጥፍሮቻቸው ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያሉ መስመሮች ቢታዩ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድና ወደ አካባቢው ቆዳ የሚሻገር ጥቁር ነገር የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሥልሳኛ የልደት ዓመቱ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ ጉባኤ የተከበረለት የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ የሞተው በዚህ በሽታ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ካንሰር መኖሩ ታወቀ፤ ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከርም አልተቀበለም፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። መጀመሪያ ላይ በእግር ኳስ የደረሰ ጉዳት ነው ተብሎ ይታሰብ እንደ ነበር ይነገራል። ከምት የተነሣ ጥቁረት ጥፍሩ ባደገ ቁጥር አብሮት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከቦታው የማይንቀሳቀስና የሚሰፋ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

ጥፍር የወፈረ ሁሉ ፈንገስ ይዞታል የሚለውም አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል። ከተበላሹት ጥፍሮች በፈንገስ ምክንያት የሆኑት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ዱቄቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ መድኃኒት ከመደብር ገዝቶ መዋጥ ገንዘብን ማባከን፣ ጉበትንም ማስቸገር ነው። ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይሰጣል፤ ጉበቱ ጤነኛ መሆኑ አስቀድሞ ይታያል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ጨርሶ ጥፍሩ እንደ ነበረ ሲያየው ተታለልሁ ይላል፤ ነገር ግን ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው አዲሱ ጥፍር አሮጌውን ገፍቶ የሚጨርሰው በዓመት ከመንፈቅ ነውና መታገሥ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጋር የጫማ ነገር ይነሣል። እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት አገር ቀኑን ሙሉ በፕላስቲክ ጫማ ተዘግቶ የሚውል እግር በላብ ይርሳል፤ ፈንገስም ከዚህ የበለጠ ምቹ ቤት አይፈልግም። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ምንም እንኳ ከተሜው ቢንቀው፣ ነፋስ ስለሚያስገባና ጣትን ስለማይጨቁን በዚህ በኩል ከጠባብ ቆዳ ጫማ ይሻላል፤ ጣትን ከድንጋይ አለመከለሉ ግን ጉድለቱ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው የተገኘለት ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው ነው ይባላል። እኛ ባዶ እግር ሂዱ አንልም። ለልጅ ጫማ ሲገዛ ግን ረጅሙ ጣት ጫፉን የማይነካበትን መምረጥ፣ ለከርሞ ይሆነዋል ተብሎ ከተገዛው ይልቅ ለአምና የተገዛው እንደሚጎዳ ማወቅ ይገባል።

ወጣቶችን የሚያስቸግረው ደግሞ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ነው። ጥፍርን አክብቦ፣ ማዕዘኑን ጠልቆ መቁረጥና ጠባብ የኳስ ጫማ ዋና ምክንያቶቹ ናቸው። ገና ሲጀምር በለብ ያለ ውሃ እየዘፈዘፉ ከማዕዘኑ ሥር ትንሽ ንጹሕ ጥጥ ማስገባት ሊያድነው ይችላል፤ መግል ከያዘ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሙጀሌ በሚገኝባቸው የአገራችን ክፍሎችም ተባዩ በጥፍር ዳርና ሥር ስለሚቀበር ጥፍሩን አበላሽቶት ይቀራል። መምህራንን ደስ ያሰኛቸው እንደ ሆነ፣ ይህ ተባይ የአፍሪቃ ተወላጅ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ከብራዚል በመርከብ ወደ አንጎላ ጠረፍ ተሻግሮ ጥቂት አሥርት ዓመታት በማይሞላ ጊዜ አህጉሩን አቋርጧል።

አሁን ወደ መምህራን እንመለስ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የጥፍር ምርመራ በሰልፍ ላይ ይደረጋል፤ ጥፍሩ ያደገ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይወጣል፣ ይሣቅበታል፣ አልፎ አልፎም በአርጩሜ ጣቱን ይመታል። እኛ ይህን አሠራር አንደግፍም። የተሣቀበት ልጅ የሚማረው እጁን መደበቅ ነው፤ እግሩንማ ጨርሶ አያሳይም። መምህሩ በወር አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ልጆቹ ጫማ አውልቀው እንዲቀመጡ ቢያደርግ፣ ራሱም ጫማውን አውልቆ ቢያሳያቸው፣ የታመመውን ለብቻው ጠርቶ ወደ ጤና ኬላ ቢልከው ሥራው የተፈጸመ ነው። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸው፤ «በቤታችሁ ያሉትን አያታችሁን ጥፍር ማን ይቆርጥላቸዋል?» ብዙዎቹ ልጆች መልስ እንደማይኖራቸው እንገምታለን። የ12 ዓመት ልጅ አያቱን እግር ማጠብና ጥፍር ማለስለስ ይችላል፤ መቁረጡን ትልቅ ሰው ያድርገው።

ይህም ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ እንዲቆጠር አንፈልግም። መንገደኛ ቤት ሲገባ እግሩን ማጠብ የአገራችን የእንግዳ ክብር ነበር። ክርስቲያኑ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ያያል። ሙስሊሙ ለሶላት በሚያደርገው ዉዱእ እግሩን ያጥባል፤ ጥፍር መቁረጥም በሃይማኖቱ ከፊጥራ ሥርዓቶች አንዱ ሆኖ ከ40 ቀን እንዳያልፍ ተወስኖለታል። በራያ ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው። እግርን መንካት በሁለቱም ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ለጤና ሠራተኞችም የምንለው አለን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመጀመሪያ 16 የትምህርት ክፍሎች ሲኖሩት የግል ንጽሕና ከነዚህ አንዱ ነበር። ትምህርቱ በየቤቱ ገብቷል፤ መቁረጫው ግን አብሮት አልገባም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ዕቃቸው ሲተካ አስቀድሞ የሚታሰበው ስለ ወላድና ስለ ሕፃን መሆኑም ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ጠንካራ መቁረጫ፣ አንድ ሞረድ፣ አንድ ሳፋና መቀቀያ ለመግዛት ብዙ በጀት አያስፈልግም። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ ለእግር ብቻ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሲሠሩ አይተናል፤ ሽማግሌዎች በቀጠሮ እየመጡ ጥፍራቸውን ያስቆርጣሉ። እኛ ለቆቦ ይህን ያህል አንጠይቅም። በሳምንት ግማሽ ቀን፣ ያውም ገጠሬው ለገበያ ወደ ከተማ በሚገባበት ቀን፣ አንድ ነርስ ለእግር ብትመደብ ብዙ ሰው ይጠቅማል። ከሁሉም በፊት ግን ማንኛውም ሽማግሌና ማንኛውም የስኳር ሕመምተኛ ስለ ምንም ነገር ቢመጣ ጫማውን እንዲያወልቅ ይጠየቅ።

የመጨረሻው አሳባችን ለቅሬዎች ነው። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አገር እድር የምንለው ማኅበር ድንኳን፣ ድስት፣ ሳህንና መቀመጫ አለው፤ ሰው በሞተ ቀን የሚጎድል ነገር የለም። ያው ቅሬ አንድ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ ገዝቶ በጸሓፊው ወይም በገንዘብ ያዡ ቤት ቢያስቀምጥና እጁ የረጋ አንድ አባል ቢመርጥ፣ አባሎቹ ገና በሕይወት ሳሉ ለቅሶ መድረስ የሚችሉበትን እግር ያገኛሉ። አለቅሶ ቀረህ ተብሎ የሚቀጣ አባል ካለም፣ ቅጣቱን ከመጻፍ በፊት እግሩን ማየት ደግ ነው። መቁረጫው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ አስቀድሞ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ፤ ከዚያም ውሃው ከፈላበት ደቂቃ ጀምሮ 20 ደቂቃ ይቀቀል፤ ደርቆም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የስኳር በሽታ ያለባቸውን አባሎች ስም ጸሓፊው ለብቻ ይያዝ፤ እነርሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።